ያጠመድኩትን ባስ ልብላው ወይስ ልልቀቀው?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሰሜን ቨርጂኒያ ነው። ባለፈው ሚያዝያ ፖቶማክ ወንዝ ላይ፣ ውሃው ከጉልበት በማያልፍበት ዳርቻ፣ 20 ኢንች የሆነ ላርጅማውዝ ባስ የሚባል ዓሣ ያዝኩ። ወደ ቤት ልወስደው ስዘጋጅ አጠገቤ የነበሩ አዛውንት አሜሪካዊ “እንዲህ ያለ ዓሣ አይገደልም” ብለው ተቆጡኝ። ላይሰንስ አለኝ፣ ደንቡም ይፈቅድልኛል። ያደግሁት ዝዋይ ነው፤ እኛ ዘንድ ዓሣ የሚጠመደው ሊበላ ነው። በመንጠቆ ወግቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ መልቀቅ በፍጡር መጫወት ይመስለኛል። በሌላ በኩል በሰፈራችን ያለው ኩሬ ውስጥ ባሱ ብዙ ነው፤ ግን ሁሉም ትንንሽና ከሲታ ነው። እዚያም ጓደኞቼ የያዙትን ሁሉ ይለቃሉ። የቱ ነው ትክክሉ?

መልስ፦ የወንዟን ትልቅ ዓሣ ቢለቋት፣ የኩሬውን ትንንሾች ደግሞ ቢበሏቸው ይሻላል። አዛውንቱም ጓደኞችዎም የዘነጉት፣ አንዱን ውሃ የሚጠቅመው ነገር ሌላውን ሊጎዳ መቻሉን ነው። ሥራዬ የሐይቅና የኩሬ ዓሣ መቁጠር፣ መመዘንና ዕድሜውን ማወቅ ስለሆነ ይህን ጥያቄ በተለያየ መልኩ ደጋግሜ እሰማዋለሁ። ብዙዎቹ ጠያቂዎች አንድ ቁርጥ ያለ ሕግ ይፈልጋሉ። እኔ ደግሞ መልሼ የምጠይቃቸው ስለ ዓሣው፣ ስለ ውሃውና ስለ ወቅቱ ነው።

መጀመሪያ ሕሊናዎን ስለሚከነክነው ነገር። “ካልበላሁት ለምን እወጋዋለሁ?” ማለትዎ ሊያሳፍርዎ አይገባም። በሕግ ደረጃ የጸደቀበት አገር አለ፦ ስዊዘርላንድ ውስጥ ለመልቀቅ አስቦ ዓሣ ማጥመድ ከ2009 ጀምሮ ክልክል ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። የጀርመን የእንስሳት ጥበቃ ሕግም እንስሳን ያለ በቂ ምክንያት ማሠቃየትን ስለሚከለክል፣ ዓሣ ለፎቶ ብቻ አውጥቶ የሚመልስ ሰው ሊከሰስበት ይችላል። እዚያ ላሉ ወገኖቻችን የእርስዎ አስተያየት የአገሩ ደንብ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ነገሩ በሌላ መንገድ ሄደ። ድሮ ባስ አጥማጅ የቀን ውሎውን በገመድ ሰክቶ፣ ፎቶ ተነሥቶበት ወደ ቤቱ ይወስድ ነበር። ሬይ ስኮት የተባለ የአላባማ ሰው በ1968 የባስ አጥማጆችን ማኅበር አቋቋመ። በ1972 ደግሞ ተወዳዳሪዎቹ ዓሣውን በሕይወት አምጥተው፣ አስመዝነው፣ ወደ ውሃው እንዲመልሱ ዘመቻ ጀመረ። ጀልባ ሠሪዎች ውሃ የሚዘዋወርበት የዓሣ ማቆያ ገንዳ መግጠም ያዙ። ልማዱም በአንድ ትውልድ ውስጥ ተገለበጠ፤ ዛሬ ባስ የሚያጠምድ አሜሪካዊ አብዛኛው፣ እንዲወስድ ቢፈቀድለትም፣ የያዘውን ይለቃል። የተቆጡዎት አዛውንት በዚህ ዘመቻ ያደጉ ሰው ይሆናሉ፤ ንቀት ነው ብለው አይውሰዱባቸው። ዘመቻው ብዙ ሐይቆችን ጠቅሟል፤ ችግሩ ምክንያቱ በሌለበት ውሃ ላይ ሁሉ እንደ ሃይማኖት መያዙ ነው።

ለነገሩ የዓለም ክብረ ወሰን የያዘው ባስ ራሱ ተበልቷል። ጆርጅ ፔሪ የተባለ የጆርጂያ ሰው ጁን 2 ቀን 1932 ሞንትጎመሪ ሐይቅ ላይ 22 ፓውንድ ከ4 አውንስ የሚመዝን ላርጅማውዝ ያዘ፤ አስመዘነና ወደ ቤቱ ወስዶ ከቤተሰቡ ጋር በላው። ጊዜው ክፉ የኢኮኖሚ ድቀት የነበረበት ነው፣ ማንም አልወቀሰውም። ክብረ ወሰኑን የሚስተካከለው የተገኘው በ2009 ነው፤ ማናቡ ኩሪታ ጃፓን ውስጥ ቢዋ ሐይቅ ላይ ያዘው። ቢዋ ላይ ደግሞ ባስ መጤ ነው፣ የአገሬውን ዓሣ ይጨርሳል። በዚህ ምክንያት ሐይቁ የሚገኝበት የሺጋ አስተዳደር ከ2003 ጀምሮ የተያዘን ባስ መልሶ መልቀቅ ከልክሏል። እርስዎ እዚህ ልገድል ነው ብለው ተቆጡዎት፤ ቢዋ ላይ ቢሆኑ የሚያስጠይቅዎ መልቀቅዎ ነበር። ወደ አገራችን ጠጋ ብንልም፣ ኬንያ ናይቫሻ ሐይቅ ውስጥ በ1920ዎቹ መጨረሻ ገደማ ለስፖርት የተጨመረው ይኸው ባስ ለረጅም ዘመን የአጥማጆች እንጀራ ሆኖ ኖሯል።

ፖቶማክም ቢሆን ባስ የተፈጠረበት ወንዝ አይደለም። ስሞልማውዝ የሚባለው ዘመዱ የመጣው በ1854 በባቡር ነው፤ ከኦሃዮ ወንዝ ተፋሰስ ተይዞ በሎኮሞቲቩ የውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ተጭኖ ፖቶማክ ዳር ያለችው ከምበርላንድ ከተማ ደረሰ። ላርጅማውዙም ከዚያ በኋላ በሰው እጅ የገባ ነው። እዚህ ግን ከ100 ዓመት በላይ ሲራባ ኖሮ ከወንዙ ጋር ተላምዷል፣ በዙሪያውም ብዙ ሰው የሚተዳደርበት የስፖርት ዓሣ ማጥመድ አለ። የቢዋ ደንብ እዚህ አይሠራም፤ የፖቶማክም እዚያ።

አሁን ወደ ያዟት ዓሣ ልመለስ። “ያዟት” ያልኩት ሴት መሆኗን ስለማልጠራጠር ነው። ወንድ ላርጅማውዝ 16 ወይም 18 ኢንች ገደማ ሲደርስ ዕድገቱ ያበቃል ማለት ይቻላል፤ ከዚያ በላይ የሚሆኑት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። በዚህ አካባቢ ውሃ አንድ ባስ 12 ኢንች ለመድረስ 3 ዓመት ገደማ ይበቃዋል። ከዚያ በኋላ ዕድገቱ እየቀዘቀዘ ስለሚሄድ 20 ኢንች ለመሙላት 8 ዓመትና ከዚያ በላይ ይወስድበታል። ሥጋዋን እናስላው ቢባል፣ 4 ተኩል ፓውንድ ያህል ትመዝናለች፤ 12 ኢንች የሆኑ 5 ዓሦች ያንኑ ያህል ይመዝናሉ። እነዚያን 5 ቢወስዱ ወንዙ በ3 ዓመት ይተካቸዋል። እሷን ለመተካት ግን ከሺዎች ጫጩቶች መካከል ከሽመላውም ከድርቁም ከመንጠቆውም ያመለጠች አንዲት ዓሣ ሌላ 8 ዓመት መኖር አለባት። እርስዎ ዓሣ ለመብላት ከወጡ ትንንሾቹ ይበቁዎታል፤ ጣዕማቸውም ይሻላል። ስለ ሜርኩሪው በኋላ እመጣበታለሁ።

ወቅቱም አለ። ውሃው ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ፣ ይህም በእኛ አካባቢ ሚያዝያና ግንቦት ማለት ነው፣ ባስ ወደ ዳርቻ ይወጣል። ወንዱ በጭራው ደለሉን እየጠረገ ጎጆ ያበጃል። ፀሐይ ከኋላዎ ሆና በፖላራይዝድ መነጽር ቢመለከቱ፣ በጠቆረው የውሃ ወለል ላይ የእንጀራ ምጣድ የሚያህል ነጣ ያለ ክብ ይታይዎታል። ከላዩ ደግሞ አንድ መካከለኛ ዓሣ ከቦታው ሳይርቅ እየተሽከረከረ ያንዣብባል። ሴቷ እንቁላሏን ጥላ ትሄዳለች፤ የሚቀረው እሱ ነው። እንቁላሉ ላይ ደለል እንዳይተኛ በክንፉ ውሃ ያራግባል፣ የቀረበውን ሁሉ ያባርራል፣ ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉም በኋላ ራሳቸውን እስኪችሉ ለሳምንታት አብሯቸው ይዞራል። በዚህ ጊዜ እምብዛም አይመገብም። መንጠቆዎን የሚነክሰውም ርቦት ሳይሆን ጎጆውን ሲከላከል ነው። ዝዋይ ላደገ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንም፤ የቆሮሶዋ እናት እንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ ታሳድጋለች፤ እሷ በመረብ ስትወጣ የያዘችው ሁሉ አብሮ ይጠፋል። ባስ ላይ ሞግዚቱ አባት ነው።

ያንን ወንድ ከጎጆው ሲያነሡት ዙሪያውን አድፍጠው የሚጠብቁት ብሉጊል የሚባሉ ትንንሽ ዓሦች ይወርዱበታል። ጥቂት ደቂቃ ከበቂ በላይ ነው። ፎቶ ተነሥተው፣ መዝነው፣ ለጓደኛ አሳይተው እስኪመልሱት እንቁላሉ ሊያልቅ ይችላል። ይህ የአንድን ሐይቅ የዓሣ ቁጥር በእርግጥ ይቀንሳል ወይ በሚለው ላይ በሙያው ውስጥ ክርክር አለ፤ ጥቂት ጎጆዎች ብቻ ቢሳካላቸውም ሐይቁን የሚሞላ ጫጩት ሊወጣ ይችላልና። እኔ በበኩሌ ጎጆ ላይ ያለን ዓሣ ሆን ብሎ አለማጥመድን እመርጣለሁ። ሳላስበው ብይዘው እዚያው በያዝኩበት ቦታ ወዲያው እመልሰዋለሁ። ወቅቱ ከዐቢይ ጾምና ከፋሲካ ጋር ስለሚገጥም ብዙ ወገኖቻችን ወንዝ የሚወርዱት ልክ በዚህ ሰሞን ነው። ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ለአባቶች ልተወውና፣ በእነዚህ ሳምንታት የሚበላ ከፈለጉ ከባስ ይልቅ ሌላ ዓሣ ይሞክሩ። የትኞቹን እንደሆነ ከታች እነግርዎታለሁ።

ስለ ደንቡ በአጭሩ። የባሕሩ ሙላትና ጉድለት በሚደርስበት የፖቶማክ ክፍል፣ በሜሪላንድም ሆነ በቨርጂኒያ ገባሮች፣ ከማርች 1 እስከ ጁን 15 ድረስ ከ15 ኢንች በታች የሆነ ባስ መውሰድ አይቻልም፤ በቀን የሚፈቀደውም 5 ነው። ከዚያ ወጣ ብሎ በየሐይቁ የተለየ ደንብ ስላለና ስለሚለዋወጥ፣ ላይሰንስዎን ሲያድሱ የዚያን ዓመቱን ያንብቡ። 20 ኢንች የሆነችውን ዓሣ መውሰድ ይፈቀድልዎ ነበር፤ አዛውንቱ ሕግ ጥሰሃል ሊሉዎ አይችሉም። ደንቡ የሚነግርዎ ግን የማይቀጡበትን ነው። ለወንዙ የሚበጀውን መምረጥ የእርስዎ ፈንታ ነው።

ኩሬው ላይ ግን ከጓደኞችዎ ጋር አልስማማም። ብዙ ባስ፣ ሁሉም ከ10 እስከ 11 ኢንች፣ ሁሉም ከሲታ። አንዱን ሲይዙ አስተውለው ይዩት፦ ጭንቅላቱ ለአካሉ አይመጥንም፣ ሆዱ ወደ ውስጥ ገብቷል፣ ጀርባው ቀጥኖ ሹል ሆኗል። ሰው ይህን ሲያይ “ገና ትንሽ ነው፣ ይደግ” ብሎ ይለቀዋል። እኛ እንዲህ ካለ ኩሬ ዓሣ ወስደን ከጭንቅላቱ ውስጥ ትንሿን የጆሮ አጥንት አውጥተን፣ በስሱ ቆርጠን፣ በማይክሮስኮፕ እናያታለን፤ በየዓመቱ አንድ ቀለበት ስለሚጨመርባት ዕድሜው ይቆጠራል። 11 ኢንች ዓሣ ላይ 5 ወይም 6 ቀለበት ስናገኝ አይደንቀንም። ይደግ ተብሎ የተለቀቀው ዓሣ ዕድሜውን የጨረሰ የተራበ ሽማግሌ ነው። መልሰው ሲለቁት የሚመለሰው ወደ ረሃቡ ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። የኩሬ ምግብ ውስን ነው። ሆመር ስዊንግል አላባማ ውስጥ ኦበርን ላይ ከ1930ዎቹ ጀምሮ በብዙ ኩሬዎች ባደረገው ሥራ ባስና ብሉጊል እንዴት ሚዛን እንደሚጠብቁ አሳይቷል፤ እስከ ዛሬ የኩሬ አያያዝ የተመሠረተው በዚያ ነው። ባስ የብሉጊልን ጫጩት ይበላል። ባሱ ከመጠን በላይ ሲበዛ ጫጩቱን ሳያድግ ይጨርሰዋል። ከዚያ ወዲያ ለመካከለኛ ባስ የሚሆን ጉርሻ አይገኝም፤ ሁሉም እኩል ይራባል፣ ሁሉም እኩል ቀጭጮ ይቆማል። ከጫጩትነት ያመለጡት ጥቂት ብሉጊሎች ግን ተፎካካሪ ስለሌላቸው ይፋፋሉ። ስለዚህ ወደ ኩሬው ሲሄዱ ትንሽ መንጠቆ ላይ ትል ሰክተው ብሉጊል ይሞክሩ። የሚወጣው ጥቂት ሆኖ መዳፍ የሚሞላ ከሆነ፣ ባሱ መብዛቱን አረጋገጡ። በተቃራኒው ጣት የምታህል ብሉጊል በየውርወራው የምትመጣ ከሆነ፣ ባሱም አልፎ አልፎ የሚያዝና ወፍራም ከሆነ፣ ኩሬው የባስ እጥረት አለበት፤ ያኔ ባሱን አንድም ሳያስቀሩ ይልቀቁ፣ ብሉጊሉን ይብሉ።

ከገለጻዎ የእርስዎ ኩሬ የመጀመሪያው ዓይነት ይመስላል። ማዳበሪያ ለማይጨመርበት ኩሬ የተለመደው መነሻ በዓመት በአንድ ኤከር 10 ፓውንድ ያህል ትንንሽ ባስ ማውጣት ነው። ኩሬው 2 ኤከር ቢሆን 20 ፓውንድ፣ ማለትም በዚያ ክሳታቸው ከ30 በላይ ዓሣ መሆኑ ነው። ብዙ ይመስላል፤ ግን ከዚህ ያነሰ ሲወጣ ለውጡ አይታይም። 12 ኢንች ያልሞላውን ውሰዱ፣ ከ14 ኢንች በላይ የሆነውን መልሱ። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት የቀሩት ሆዳቸው ሲሞላ ያዩታል። ጓደኞችዎንም ለዚህ ያስተባብሯቸው፤ አንድ ሰው ብቻውን አያደርሰውም።

በትልልቅ ሐይቆችም ላይ ይኸው ነገር ባለሙያዎችን ሲያስጨንቅ ኖሯል። አንዳንድ ሐይቅ ላይ ለምሳሌ ከ14 እስከ 18 ኢንች ያለውን ባስ መውሰድ ክልክል ሆኖ ከዚያ በታች ያለው የሚፈቀድበት ደንብ ይወጣል። ሐሳቡ መካከለኞቹ እንዲያድጉ ትንንሾቹን ሰው በልቶ እንዲያሳሳ ነው። ሰዉ ግን ትንንሾቹንም ይለቃቸዋል። ያኔ ደንቡ ወረቀት ላይ ይቀራል፣ ሐይቁም እንደ ተጨናነቀ ይኖራል። እንዲህ ያለ ሐይቅ ዳር ቆሞ 11 ኢንች ባስ በበረዶ ሣጥን የሚያስገባን ሰው የሚገላምጥ፣ ሐይቁን እየጠበቀ አይደለም። ዝዋይ ላይ የተማሩት “ጫጩቱን ተው፣ ትልቁን ውሰድ” የሚለው ሕግ በመረብ ለሚታረስ ሐይቅ ልክ ነው፤ እዚያ ቆሮሶው ሳይወልድ እየወጣ ቁጥሩም መጠኑም አንሷል። በመንጠቆ ለሚጠመድና የሚወስድ ሰው ለሌለበት ኩሬ ግን ሕጉ ይገለበጣል።

እንግዲህ የሚለቁትን እንዴት እንደሚለቁ። ዓሣው እየዋኘ ሄደ ማለት ተረፈ ማለት አይደለም፤ ብዙዎቹ የሚሞቱት ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ፣ ማንም ሳያያቸው ነው። የሚወስነው በአብዛኛው ሦስት ነገር ነው፦ መንጠቆው የት ገባ፣ ውሃው ምን ያህል ሞቀ፣ ከውሃ ውጭ ስንት ጊዜ ቆየ። ለመልቀቅ ካሰቡ የጎማ ትልም ሆነ እውነተኛ ትል ሲጠቀሙ ክሩ ላይ እጅዎን ያኑሩ፣ ሲነክስ ፈጥነው ይሳቡ፤ ከዘገዩ ይውጠዋል። ከዋጠውና ጉሮሮው ውስጥ ከገባ ጎትተው አያውጡ፤ ክሩን አፉ አጠገብ ይቁረጡና ይልቀቁት፣ ወይም ደንቡ ከፈቀደ ይህኛውን ለመብል ያድርጉት። ከስንጥቡ ደም እየፈሰሰ ያለ ዓሣም የመትረፍ ዕድሉ ጠባብ ነው። የመንጠቆውን ሾህ ቀድመው በፒንሳ ቢጠፈጥፉት ሁሉም ነገር ይቀላል።

እጅዎን ሳያርሱ አይንኩት። ቅርፊቱን የሸፈነው ዝልግልግ ነገር ቆሻሻ አይደለም፣ ከበሽታ የሚከላከልበት ቆዳው ነው፤ በደረቅ ፎጣ የተያዘ፣ አሸዋ ላይ የተንከባለለ ዓሣ ያንን ተገፎ ይሄዳል፣ ከሳምንት በኋላም ሻጋታ ያበቅላል። ትልቅ ባስ በታችኛው መንጋጋ ብቻ ይዘው አግድም ዘንበል አድርገው አያንጠልጥሉ፤ በሌላው እጅዎ ሆዱን ይደግፉ። ፎቶ ከፈለጉ ስልኩ ተዘጋጅቶ እስኪነገርዎ ዓሣውን ውሃ ውስጥ ያቆዩት። 30 ሰከንድ ይበቃል። በሐምሌና በነሐሴ፣ ውሃው 27 ዲግሪ ካለፈ፣ ኦክስጅኑም ስለሚሳሳ በጥንቃቄ የተያዘ ዓሣ እንኳ ይሞታል፤ እኔ በእንዲህ ያለ ቀን ለመልቀቅ ብቻ የሚያጠምድ ሰው በማለዳ ጥቂት ይዞ እንዲያቆም እመክራለሁ። ጥልቅ ከሆነ የግድብ ሐይቅ፣ ከ8 ወይም 9 ሜትር በታች የወጣ ዓሣ ደግሞ የአየር ከረጢቱ ይነፋና ተገልብጦ ይንሳፈፋል። እንዲህ ካለ ጥልቀት ማጥመድ ያለበት የሚበላ ሰው ነው።

አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር፦ ውሳኔው የሚወሰነው መንጠቆው በወጣበት ቅጽበት ነው። ዓሣውን በገመድ አስረው ወይም ባልዲ ውስጥ ከተው፣ ከሰዓት በኋላ ሌላ የተሻለ ሲይዙ የመጀመሪያውን “ምሬዋለሁ” ብለው መልቀቅ ይቅር። ስንጥቡ በገመድ የተላጠ፣ ሙቅ ባልዲ ውስጥ የቆየ ዓሣ አይተርፍም። ያሰሩት ዓሣ የእርስዎ ነው፣ ከቀን ድርሻዎ ላይ ይቁጠሩት። በሕሊናዎ በኩል ላነሡት ጥያቄም ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም። ለመብል የወጣ ሰው የሚበቃውን ይዞ ዘንጉን ይጠቅልል። የማይበላውን ሊይዝ የሚችል ሰው ደግሞ እንዲተርፍ አድርጎ የመመለስ ግዴታ አለበት። ፍጡርን መጫወቻ የሚያደርገው በግዴለሽነት መልቀቁ ነው።

የሚበሉትን ደግሞ ፈጥነው ይግደሉት። ከዓይኑ በላይ ባለው የጭንቅላቱ አናት ላይ በእንጨት አንድ ጊዜ ጠንከር አድርገው ይምቱት፣ ደሙን ያፍስሱና በረዶ ላይ ያኑሩት። በፀሐይ ላይ ሲፈራገጥ ውሎ የሞተ ዓሣ ሥጋው ይለሰልሳል፣ ሽታውም ይከፋል። ባስ ነጭ፣ ጠጠር ያለ ሥጋ አለው። የጭቃ ሽታው ያለው ቆዳው ላይ ስለሆነ ገፈው ፊሌቶ ያውጡት፤ ለጉላሽም ለለብለብም ይሆናል። ሥጋው ውስጥ ቢጫ ትንንሽ ትል ካገኙ አይደንግጡ፣ በሐይቆቻችን ዓሣም ይገኛል። ሲበስል ይሞታል፣ አይጎዳም። ሐዋሳ አሞራ ገደል ላይ እንደሚደረገው ጥሬውን በአዋዜ መብላት ግን እዚህ ይቅርብዎ። የወንዝና የሐይቅ ዓሣ በደንብ ይብሰል።

ሜርኩሪ ወደ ውሃ ሲገባ ከትንንሽ ነፍሳት ወደ ብሉጊል፣ ከብሉጊል ወደ ባስ እየተጠራቀመ ይወጣል። ባስ የሰንሰለቱ አናት ላይ ነው፤ ዓሣው ባረጀ መጠን ደግሞ ያከማቸው ይበዛል። ያቺ 20 ኢንች ዓሣ የ8 ዓመት ክምችት ይዛለች ማለት ነው። ሜርኩሪ የሚቀመጠው ሥጋው ውስጥ ስለሆነ በማጠብም፣ በመጥበስም፣ ስቡን በመቁረጥም አይወጣም። ፒ.ሲ.ቢ. የሚባለው የፋብሪካ ኬሚካል ግን ስቡ ውስጥ ስለሚከማች ቆዳውን፣ የሆድና የጀርባ ስቡን አንሥቶ በሽቦ ላይ መጥበስ ይቀንሰዋል። ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድና ዲሲ ለየወንዙ በወር ስንት ጊዜ መብላት እንደሚቻል የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ አላቸው፤ ከማጥመድዎ በፊት የሚያጠምዱበትን ውሃ ስም ፈልገው ያንብቡ። እርጉዝ፣ የምታጠባ እናትና ሕፃናት ካሉ ደግሞ ይህ ምክር ለእነሱ የተጻፈ መሆኑን አይዘንጉ።

በጾሙ ሰሞን ምን ላጥምድ ላሉት፣ ፖቶማክ ውስጥ እንዲቀነሱ የሚፈለጉ ሁለት ዓሦች አሉ። አንዱ ብሉ ካትፊሽ፣ የእኛ አምባዛ ዘመድ ነው። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ለስፖርት ተብሎ የቨርጂኒያ ወንዞች ውስጥ ተጨመረ፤ አሁን ፖቶማክ የሚፈስበትን የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ገባሮች አጥለቅልቋል። ትልልቆቹ ፒ.ሲ.ቢ. ስለሚበዛባቸው መካከለኛዎቹን ይውሰዱ። ሁለተኛው ስኔክሄድ ነው። በ2002 ሜሪላንድ ክሮፍተን ውስጥ አንድ ኩሬ ላይ ተገኝቶ ኩሬው ሙሉ በመርዝ ጸዳ፤ በ2004 ግን ፖቶማክ ውስጥ ታየና እዚያው ቀረ። ሜሪላንድ ሰው እንዲበላው ለማበረታታት በ2024 “ቼሳፒክ ቻና” የሚል አዲስ ስም ሰጥታዋለች። ሥጋው ነጭና ጠንካራ ነው፤ ወጥ ውስጥ አይበታተንም። ቅርፊት የሌለው ዓሣ የማይበሉ ብዙ ወገኖቻችን ከካትፊሽ ይርቃሉ፤ ስኔክሄድ ግን ቅርፊት አለው። አየር ስለሚተነፍስ ከውሃ ወጥቶም ለረጅም ሰዓት ይኖራል፣ በሕይወት ማጓጓዝም ወንጀል ነው። እንደያዙት ይግደሉት። የሚኖረው ባስ በሚኖርበት አረም ውስጥ ስለሆነ በዚያው ዘንግ፣ በዚያው ቦታ ያገኙታል።

ኩሬውን በተመለከተ ከመጀመርዎ በፊት ሁለት ነገር ያድርጉ። የሰፈሩ ኩሬ አብዛኛውን ጊዜ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ንብረት ስለሆነ፣ ዓሣ መውሰድ ይፈቀድ እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ከላይ ያልኩትን የክሳቱን ነገር በፎቶና በርዝመት መዝግበው ቢያቀርቡ እሺ የማለት ዕድላቸው ይሰፋል። ካልፈቀዱም ትንንሾቹን በሕይወት ወደ ሌላ ውሃ ወስደው አይልቀቁ፤ ክልክል ነው፣ የዓሣ በሽታም የሚዛመተው እንዲያ ነው። ሁለተኛ፣ የሰፈር ኩሬ ላይ ለአረምና ለአልጌ መድኃኒት ይረጫል፤ ከሣሩና ከመኪና ማቆሚያውም ጎርፍ ይገባበታል። ምን እንደ ተረጨና መቼ እንደ ተረጨ የሚረጨውን ድርጅት ያስጠይቁ። ዓሣ ሳይበላ የሚቆይበት የቀን ብዛት ካለ የመድኃኒቱ መለያ ላይ ይጻፋል፤ ያ ቀን እስኪያልፍ የያዙትን ከሲታ ባስ እንኳ ወደ ማእድ ቤት አያስገቡ።